አምፕሊፋየሩ ጆሮዬን የዘጋብኝ ቀን

ደቻቱን የማያውቅ እንግዳ ወንዝ ነው ቢሉት ይስቃል። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገርበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሲኖትራክ ወርዶ አሸዋ ይጭንበታል። እኔ ግን ድሬ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በልጅነቴ የጎረቤቶቻችንን ቤት ጎርፍ ከነሰው ሲወስደው አይቻለሁ። ያን ቀን ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም ነበር፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በክረምት ጥርት ያለ ሰማይ ሳይ ልቤ አያርፍም።

ሥራዬ የባቡር መገናኛ ጥገና ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጣሁ። ሰው ሲሰማ የስለላ ነገር ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ማይክ፣ በቤቱ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ፣ ከዚያም በሩቅ ካለ እንደኔ ዓይነት ሰው ጋር መነጋገር። እኔ የማወራው በአብዛኛው ከአንድ ሰው ጋር ነበር። ከእኛ በላይ፣ በሐረር መንገድ በኩል፣ ተራራው ላይ ባለች መንደር የሚኖር ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነው። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ግን ድሬ ላይ ፊት ለፊት አንቱ መባባል ስለሌለ እሱም አንተ ይለኛል፣ እኔም «መምህር፣ አንተ» እለዋለሁ። የእሱ ሬዲዮ በመኪና ባትሪና በአንዲት ሶላር ነው የሚሠራው።

በክረምት በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንገናኛለን። «መምህር፣ ሰማዩ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። እሱም ከደጁ ቆሞ ያየውን ይነግረኛል። ከበድ ያለ ዝናብ ካለ ውሃው ተራራውን ወርዶ እኛ ጋ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ሰው ከአሸዋው እንዲወጣ ለመንገር በቂ ጊዜ ነው። ስልክስ ምን ሆነ የሚል ይኖራል። ስልክ አለን። ዝናብና ነፋስ ሲሆን ግን ቀድሞ የሚጠፋው ኔትወርክ ነው።

አምፕሊፋየሩን ያገኘሁት ከሟች የሥራ ባልደረባዬ ሚስት ነው። «ይህን ብረት ከቤቴ አውጣልኝ፤ እሱ ከሞተ ወዲህ እየፈራሁት ነው የምኖረው» አለችኝ። ለሁለት ሰው የሚከብድ፣ ከእኔ ብዙም የማያንስ ዕድሜ ያለው፣ ሆዱ ውስጥ እንደ ትልቅ አምፖል ያሉ ሁለት የመስታወት ቱቦዎች የተተከሉበት ዕቃ ነው። ሥራው የሬዲዮዬን ደካማ ጉልበት ተቀብሎ አጠንክሮ ወደ አንቴናው መላክ ነው። መምህሩ ድምፄ በጩኸት መሃል እየጠፋበት ሁልጊዜ ያማርር ስለነበር ደስ ብሎኝ በባጃጅ አስጭኜው መጣሁ።

ነገር ግን አምፕሊፋየሩ መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ሬዲዮው ሊያዝዘው ይገባል። ትእዛዙ የሚሄደው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ነው። የማይኩን ቁልፍ ስጫን ሬዲዮው ውስጥ ያለች ሪሌ የምትባል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ «ጠቅ» ብላ ትገጥማለች፤ አምፕሊፋየሩም «ጧ» ብሎ አንቴናውን ለራሱ ይወስዳል። ቁልፉን ስለቅ ሪሌዋ ትላቀቃለች፤ አምፕሊፋየሩም አንቴናውን ለሬዲዮው ይመልሳል፣ እኔም መስማት እችላለሁ። ያቺን ሽቦ በመጀመሪያው ቀን ሳልጠነቀቅ በጣቴ ነካኋትና እስከ ክርኔ ድረስ አንዘፈዘፈችኝ። በቴስተር ስለካት መቶ ሃያ ቮልት አለባት።

ለመምህሩ ነገርኩት።

«ስማኝ» አለ፤ ድምፁ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መሰለ። «ያንተ ሬዲዮ ውስጥ ያለችው ሪሌ የጣት ጥፍር ነው የምታክለው። ለእንዲህ ያለ ጭነት አልተሠራችም። ያ አሮጌ ዕቃ ውስጡ ትልቅ ጥቅልል ሽቦ አለው፤ ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲቋረጥበት መልሶ ይራገጣል። እርግጫው የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። ማይክህን በለቀቅህ ቁጥር ውስጧ ብልጭ ይላል። አንድ ቀን ትጣበቅና አትላቀቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መሃል ላይ ሌላ ጠንካራ ሪሌ አስገባ። ሬዲዮህ ያንን ብቻ በአሥራ ሁለት ቮልት ይዘዝ፣ ሸክሙን እሱ ይሸከም። እርግጫውን የሚውጥ ዳዮድም አድርግበት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ሳታደርግ ግን አትሰካ።»

«እሺ መምህር።»

ሰካሁት። በማግስቱ ነው የሰካሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽቦ የነካካሁ ሰው ነኝ፤ ለጥቂት ቀን ምን ይሆናል አልኩ። ቁልፉን ተጭኜ ስናገር መምህሩ ሳቀ። «ጓሮዬ ቆመህ የምታወራ ነው የምትመስለው!» አለ። ከዚያ ጠየቀኝ፤ «የነገርኩህን ሠራኸው?»

«አዎ፣ ሠርቼዋለሁ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት በሰላም ሠራ። በየቀኑ ልሠራው አስባለሁ፤ በየቀኑ ሌላ ነገር ይመጣል። ውሸቴም ቀስ በቀስ እውነት እየመሰለኝ ሄደ።

ያን ቀን ባለቤቴ ታይዋን የሚባለው ገበያ ያለውን የልጆች ልብስ ሱቋን ከምሳ በኋላ ዘግታ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣች። እናቷ ከወንዙ ማዶ ነበር የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥላ እንጂ ሰው አይለዩም። በማግስቱ የሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው ወደኛ አምጥታ ልታሳድራቸው ነው። ድልድዩ ላይ ጥገና ስለነበረ ባጃጅ አያሳልፉም፤ ወይ በሩቅ መዞር ነው፣ ወይ አሸዋውን በእግር ማቋረጥ። ኔትወርክ ከቀትር ጀምሮ ጠፍቷል።

አሥር ሰዓት ሆነ። እሷ ሻሿን እያሰረች በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አምፕሊፋየሩን አሙቄ ቁልፉን ተጫንኩና መምህሩን ጠራሁት። ለቀቅሁ። ምንም የለም። ደግሜ ጠራሁ። ምንም።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ዝም ነው።»

«ዝም ነው ማለት ምን ማለት ነው?»

«ባትሪው አልቆ ይሆናላ። ደግሞ ዝናብ ቢኖር መቼ ዝም ይላል? ይጮህ ነበር እኮ። ሰማዩም ጥሩ ነው።»

ወጣ ብላ ሰማዩን አየች። «እንግዲያው በአሸዋው በኩል ላምጣት? ብዙ መንገድ መዞር አትችልም።»

«አምጫት፤ ምንም የለም» አልኩ።

ሄደች። እኔ ሬዲዮውን እንደከፈትኩ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ተኩል አልፎ ይመስለኛል፣ ውሃ ልጠጣ ተነስቼ በመስኮቱ በኩል ወደ ተራራው ሳይ በሩቅ ብልጭ አለ። ሰማዩ ከእኛ በላይ አሁንም ሰማያዊ ነው፤ ተራራው ጫፍ ላይ ግን ጠቆር ያለ ነገር ተኝቷል። ደግሞ ብልጭ አለ።

ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣልኝም። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መብረቅ በሩቅም ቢሆን ብልጭ ባለ ቁጥር ስፒከሩ ውስጥ «ጠሽሽ» ይላል። ሦስተኛው ብልጭታ እስኪመጣ ዓይኔን ከተራራው፣ ጆሮዬን ከስፒከሩ ሳልነቅል ጠበቅሁ። መጣ። ስፒከሩ ትንሽ እንደመተንፈስ ከማለት በቀር አንድም ድምፅ አላወጣም።

ያኔ ገባኝ። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። መምህሩ ዝም አላለም። እኔ ነኝ የማልሰማው። ሪሌዋ ተጣብቃለች፤ አምፕሊፋየሩ አሁንም የምናገር መስሎት አንቴናውን አንቆ ይዞታል። ማይኩን ስለቅ የሚሰማውን ሁለተኛውን «ጧ» ያን ቀን አለመስማቴ ትዝ አለኝ። ወደ ሳጥኑ ዞር ስል ቱቦዎቹ ቀልተዋል፤ የሚነድ አቧራ ይሸታል።

ማጥፊያውን መታሁት። «ጧ» አለ። በዚያው ቅጽበት የመብረቁ ጩኸት ቆርቆሮ ላይ እንደሚፈስ ጠጠር ቤቱን ሞላው። በመሃሉ የሰው ድምፅ አለ። ሻክሯል፤ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።

«...ደግሜ እናገራለሁ። ከባድ ዝናብ ነው፣ ውሃው ወርዷል። ከሰማኸኝ ሰው ከአሸዋው ይውጣ። ከሰማኸኝ...»

«ሰማሁ መምህር! አሁን ሰማሁ! መቼ ነው የወረደው?»

«አንተ ሰውዬ፣ የት ነበርክ?» አለ። «ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ እየጠራሁህ ነው! በዚህ ሰዓት እናንተ ጋ ሊደርስ ነው።»

ማይኩን ጥዬ ወጣሁ። ስልክ ሞከርኩ፤ ጭራሽ አይጠራም። መንገዱ ላይ ያገኘሁትን ባጃጅ በእጄ ይዤ አስቆምኩት። ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ወሪያ፣ ምን ሆነህ ነው? አንድ እግር ጫማ ነው ያደረግከው እኮ!»

«ወደ ደቻቱ ንዳ! ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ባለቤቴ አሸዋው ውስጥ ናት።»

መንገዱን ሁሉ ጡሩንባውን እንደተጫነ ነው የነዳው። እኔ ከኋላ ሆኜ ሰዓት አሰላለሁ። አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ወጣች፤ ወንዙ ጋ ለመድረስ ይህን ያህል፣ እናቷን ለማልበስ ይህን ያህል፣ የእናቷ እርምጃ ደግሞ ይህን ያህል። እንዴት አድርጌ ባሰላው መልሱ አንድ ነው፤ አሁን አሸዋው ውስጥ ናቸው። እንዳይሆን ቁጥሩን ልለውጥ እሞክራለሁ፣ አይለወጥም። ከእንግዲህ ቤት ገብቼ ለልጆቻችን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ዝም ነው ብዬ ላክኋት ልል ነው?

ስንደርስ ወንዙ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ፀሐይ አለ። ሁለት ሴቶች የጫት እስር ተሸክመው ይሻገራሉ። አሸዋ ጫኞች አንድ ሲኖትራክ ከበው በአካፋ ይወረውራሉ፤ የተወሰኑት ጥላው ሥር ተቀምጠው ይቅማሉ። ወንዙ ዳር ያለው የጎርፍ መከላከያ ግድግዳ ላይ ቆሜ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

«ውሃ! ቢሻን! ቢዮ! ውጡ! ውሃ መጣ!»

በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም አንድ ቃል ነው የምጮኸው። ከተቀመጡት አንዱ ቀና ብሎ ሰማዩን አሳየኝና ሳቀ። «አቦ፣ ተረጋጋ! የት አለ ደመናው?» አለኝ።

ከጫኞቹ መካከል ግን ጢሙ የሸበተ አንድ ሰው አካፋውን አቁሞ ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ጆሮውን ሰጠ። ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሳቁ ቆመ፣ ሁሉም ተነሱ። ሴቶቹ ጫታቸውን ጥለው ሮጡ።

ባለቤቴን ያየኋት ያኔ ነው። በመሃል ላይ ነበሩ። እናቷ በአንድ እጃቸው ክንዷን ይዘው፣ በእግራቸው አሸዋውን እየዳበሱ፣ አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ። ከግድግዳው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አሸዋ ላይ መሮጥ ሕልም ውስጥ እንደመሮጥ ነው፤ እግሬ ይሰምጣል፣ ባዶ የሆነው እግሬ ይቃጠላል።

«ሩጪ!» አልኳት ገና ሳልደርስ።

«ምን ሆነህ ነው? እናቴ እኮ...»

«ውሃ ነው! ሩጪ!»

ፊቷ ተለወጠ፤ የእናቷን ክንድ ግን አልለቀቀችም። እኔ በአንድ በኩል ይዤ ልጎትታቸው ብል ጉልበታቸው ከዳቸውና ተቀመጡ። «እኔን ተዉኝ፤ እናንተ ሂዱ» አሉ ረጋ ባለ ድምፅ። ያ ጢሙ የሸበተው ሰው ያኔ ከየት እንደመጣ ሳላይ አጠገባችን ደረሰ። ተንበርክኮ እጃቸውን በትከሻው ላይ አሳልፎ አዘላቸው። ከኋላው ሮጥን።

ድምፁ አሁን ለሁሉም ይሰማል። የጭነት ባቡር ብረት ድልድይ ላይ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ፤ እሱን ይመስላል። ከድምፁ በፊት ነፋስ መጣ፣ ነፋሱም እርጥብ ጭቃ ይሸታል። ግድግዳው ጋ ስንደርስ ከላይ ያሉ እጆች እናትየውን ተቀበሉ፣ ከዚያ ባለቤቴን፣ ከዚያ እኔን። ሰውየው የመጨረሻው ነበር። እግሩን ሳብ ሲያደርግ ውሃው መጣ።

ውሃ አይመስልም። ቡናማ ግድግዳ ነው፤ ግንድ፣ ጎማ፣ የሰው በር፣ አንድ ፍየል ተሸክሟል። ሲኖትራኩ ትንሽ ተቋቁሞ ቆመና ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተኛ። ከደቂቃ በፊት እኛ የነበርንበት ቦታ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ባለቤቴ እናቷን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እናቷ «ምንድን ነው? ንገሩኝ እስቲ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?» ይላሉ። እዚያ በነበርንበት በኩል ሰው አልሞተም። ያዳነንን ሰው ዞር ብዬ ሳመሰግነው «ወላሂ፣ ለትንሽ ነው» ብቻ አለኝ።

ለባለቤቴ እውነቱን የነገርኳት በማግስቱ ከሐኪም ቤት ስንመለስ ነው። ሪሌውንም፣ የመምህሩን ምክርም፣ ውሸቴንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ዝም ነው ብቻ ብትለኝ እኮ እዞር ነበር» አለች። «አንተ ግን ዝም ነው ብለህ አላቆምክም። ምንም የለም፣ አምጫት ነው ያልከኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ለእኔ የነገርከውን ለመምህሩም ንገረው። ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸው እሱ ነው።»

በሬዲዮው ብቻ፣ ያለ አምፕሊፋየሩ ጠራሁት። በጭንቅ ነው የሚሰማኝ፤ ስለዚህ «ዋሽቼሃለሁ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ መድገም ነበረብኝ።

«ሰው አለቀ?» አለ።

«በእኛ በኩል አላለቀም።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ዕቃህን ይዘህ ተቀመጥ። እኔ እየነገርኩህ ትሠራዋለህ። እያንዳንዷን ሽቦ ስትገጥም ትነግረኛለህ።»

ሬዲዮውን ስከፍተው ሪሌዋ ጎኗ ጠቁሯል። ሰብሬ ውስጧን አየሁት። ሁለቱ ትንንሽ ምላሶች የሰናፍጭ ፍሬ በማታክል ነጥብ ተጣብቀዋል። አዲስ ሪሌ ታይዋን ካለች አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አገኘሁ፤ ጠንካራውን ደግሞ ዩፒኤስ ከሚባል የተቃጠለ የመብራት መጠባበቂያ ሳጥን ውስጥ ነቅላ ሰጠችኝ። ሥራው መምህሩ እንዳለው ከግማሽ ቀን አልበለጠም። ሬዲዮው አሁን ጠንካራውን ሪሌ ብቻ በአሥራ ሁለት ቮልት ያዝዛል፤ መቶ ሃያውን የሚሸከመው ጠንካራው ነው። በጠንካራው ሪሌና በአምፕሊፋየሩ ጥቅልል ላይ እርግጫውን የሚውጥ ዳዮድ አለ፤ በሽቦው መሃል ደግሞ ቀጭን ፊውዝ። አምፕሊፋየሩ አንቴናውን በያዘ ቁጥር የምትበራ ቀይ መብራትም ጨመርኩ፤ ማይኩን ለቅቄ እሷ ካልጠፋች ችግር አለ ማለት ነው። ሽቦውን የምበይድበትን ስታኞ ሳቀልጥ መያዙን አላምን ብዬ አንዱን መገጣጠሚያ አራት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ስሞክረው ባለቤቴ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጠቅ፣ ጧ» ሲል ታዳምጣለች፣ መብራቷን ታያለች፣ ለቀቅ ሳደርግ እንደገና ታዳምጣለች። ከዚያ ማይኩን ከእጄ ወስዳ ራሷ ሞከረችው። አሁን አሥር ሰዓት ላይ ቤት ካለች የምትጠራው እሷ ናት። መምህሩ ካልመለሰ እናቷ ቤት የሚሄድ የለም፤ ሰማዩ የፈለገውን ቢመስል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን አልመለሰም። መብራቷ ትበራለች፣ ትጠፋለች። የመብረቅ ድምፅ በደንብ ይሰማል። አምፕሊፋየሩን አጥፍቼም ጠራሁት፤ የለም። ዕቃዬ ሁሉ ደህና መሆኑን እያወቅሁ በባጃጅ ወንዙ ድረስ ሄጄ ጮህኩ። አሸዋ ጫኞቹ ወጥተው ከእኔ ጋር ግድግዳው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ውሃ አልመጣም። አንዳንዶቹ ተሳደቡ፣ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ ተመልሰው ገቡ። ማታ እንደሰማሁት የመምህሩ ባትሪ ሽቦ ተበጥሶ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «እሺ?» አለችኝ።

«ምንም አልመጣም። ሳቁብኝ» አልኳት።

«ይሳቁ» አለች፤ ወንበሩን ሳበችልኝ። ተቀምጬ መምህሩን እንደገና ጠራሁት።